«እሽግ» እና «ማሸጊያ»፦ በራዲዮአክቲቭ ውጋጅ ጭነት ምርመራ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በቃላት ዝርዝር ውስጥ ተሰልፎ ሲታይ በሚኖረው ውበት ሳይሆን፣ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሲገለገልበት በሚሰጠው ጥቅም መሆኑ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ይህን መመዘኛ በቃል እየተቀበልን በተግባር የምንዘነጋበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ የባዕድ ቃል አማርኛ አቻ ሲያገኝ «ተተረጐመ» ብለን እናልፋለን። አዲሱ ቃል ከጎረቤቶቹ ጋር ይጋጭ እንደሆነ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ያስጠራ እንደሆነ፣ ትእዛዝ ሲሰጥበትም ሰሚው ምን እንደሚያደርግ አንጠይቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአንድ ጠባብ የሥራ መስክ፣ ይኸውም ራዲዮአክቲቭ ውጋጅ ታሽጎ ከቦታ ወደ ቦታ ሲጓጓዝ በሚደረገው ምርመራ ላይ ማንሣት ነው። መስኩ የተመረጠው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። የኑክሊየር የኤሌክትሪክ ማመንጫ ባይኖራትም፣ ለካንሰር ሕክምና፣ ለኢንዱስትሪ ልኬትና ለቆላ ዝንብ ማምከኛ የሚያገለግሉ የጨረራ ምንጮች ወደ አገር ገብተው ሲሠራባቸው ቆይቷል። ምንጭ ሲያረጅ ውጋጅ ይሆናል፤ ውጋጅም ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ማቆያው መጓጓዝ ይኖርበታል። ስለዚህ ሾፌሩ፣ ጫኙ፣ የጉምሩኩ ሠራተኛና የመንገድ ፖሊሱ የሚረዱት አማርኛ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በዚህ መስክ የቃል ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም። ይህን አባባል ለማስረዳት በአሜሪካ የደረሰውን አንድ አደጋ በቅድሚያ መመልከት ይበጃል።

አንድ ቅጥያ ያስከተለው ጉዳት

በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት፣ ካርልስባድ በተባለች ከተማ አቅራቢያ፣ ከምድር ገጽ 655 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በጨው ድንጋይ ውስጥ የተሠራ የውጋጅ መቅበሪያ አለ። መቅበሪያው የመጀመሪያውን ጭነት የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ወደዚያ የሚላከው ከኑክሊየር ጦር መሣሪያ ሥራ የተረፈና በፕሉቶኒየምና በመሰል ንጥረ ነገሮች የተበከለ ውጋጅ ነው። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ሌሊት ከሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ከመጡት በርሜሎች የአንዱ ክዳን ከውስጥ በመነጨ ሙቀትና ግፊት ተፈነቀለ። ራዲዮአክቲቭ ብናኝ በዋሻው ውስጥ ተሠራጨ፤ ጥቂቱም በአየር ማስወጫው በኩል ወደ ምድር ገጽ ወጣ። ከሃያ በላይ የሚሆኑ ሠራተኞች ዝቅተኛ መጠን ያለው ብክለት ወደ ሰውነታቸው ገብቶ ተገኘ። መቅበሪያውም እስከ 2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ውጋጅ መቅበሩን አቋረጠ።

የአደጋው መነሻ ሲመረመር፣ በበርሜሉ ውስጥ የነበረው የናይትሬት ጨው እርጥበቱን እንዲያጣ የተቀላቀለበት መምጠጫ ጉዳይ ጎልቶ ወጣ። መምጠጫው ድመቶች እንዲጸዳዱበት በየሱቁ የሚሸጠው ዐይነት ነው። ባለሙያዎቹ መክረው የነበረው ከሸክላ አፈርና ከመሰል ማዕድን የሚሠራውን፣ ማለትም ኢንኦርጋኒክ የሆነውን እንዲጨመር ነበር። በሥራ መመሪያው ላይ የሰፈረው ግን ኦርጋኒክ መምጠጫ ይጨመር የሚል ነው። ሠራተኛውም የታዘዘውን ፈጸመ፤ ከስንዴ የተሠራውን ጨመረ። ናይትሬት ከእህል ጋር ሲገናኝ ሙቀት እንደሚፈጥር ኬሚስቶች ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ በሰፊው ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የሚከተለው ነው፦ በእንግሊዝኛ «ኢንኦርጋኒክ» የሚለው ቃልና ከፊቱ አመልካች ተቀጥሎበት «ኤን ኦርጋኒክ» ተብሎ የሚነበበው ሐረግ ለጆሮ እጅግ ይቀራረባሉ፤ በስብሰባ ላይ የተነገረው ወደ ጽሑፍ ሲገባ አንደኛው ሌላውን ተካው።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው የመጀመሪያው ትምህርት የራሳችንን የአሉታ ቅጥያ የሚመለከት ነው። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የሙያ ቃላት ስንፈጥር ከግእዝ የወረስነውን «ኢ» እንደ ልብ ስንጠቀምበት ኖረናል። ቅጥያው አጭር ነው፤ ለቃል ፈጣሪው ይመቻል፤ በሕግና በፍልስፍና ጽሑፍም ክብር አለው። ነገር ግን «ኢኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል በሚነዝር መኪና ውስጥ ወይም በመጋዘን ጫጫታ መካከል ያደመጠ ሰው ቃሉን ከ«ኦርጋኒክ» የሚለይበት ዋስትና የለውም፤ ሁለት አናባቢዎች ሲገናኙ የፊተኛው ይዋጣል። ስለዚህ የሰው ደኅንነት በሚመካባቸው ቃላት ላይ አሉታው በአንድ ፊደል እንዳይንጠለጠል፣ «ያልሆነ»፣ «የሌለው»፣ «የማይ—» በሚሉት ሙሉ የአማርኛ ቅርጾች እንዲነገር እንደ ደንብ ሊያዝ ይገባል። ሐረጉ ይረዝማል፤ ርዝመቱ ግን በዚህ ቦታ ጉድለት አይደለም።

ስለ «ጨረራ አመንጪ»

«ጨረር» ነጠላውን ብርሃናዊ ዘንግ፣ «ጨረራ» ደግሞ ኃይሉ ከምንጩ የሚወጣበትን ሂደት እንዲያመለክቱ መለየታቸው የተሳካ ሥራ ነው። የመሥሪያ ቤት ስም እስከ መሆን ደርሶ «ጨረራ መከላከያ» የሚለው ሐረግ በሰፊው ታውቋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ተነሥተን «ራዲዮአክቲቭ» የሚለውን «ጨረራ አመንጪ» ብለን በተካነው ጊዜ ነው።

የኤክስሬይ መሣሪያ ጨረራ ያመነጫል፤ ራዲዮአክቲቭ ግን አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲቋረጥ የብረትና የመስታወት ስብስብ ሆኖ ይቀራል። ለሕክምና የሚያገለግለው የኮባልት 60 ምንጭ ግን ማጥፊያ ቁልፍ የለውም፤ ሰው ኖረም አልኖረ፣ ሕንጻው ተከፈተም ተዘጋ ጨረራውን ይሰጣል፤ ኃይሉ በግማሽ የሚቀንሰውም በአምስት ዓመት ከሦስት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ሁለቱን ነገሮች «ጨረራ አመንጪ» በሚል አንድ ስም ስንጠራቸው፣ ከአንድ ሆስፒታል ዕቃ የሚያስወጣው ሠራተኛ ወይ አሮጌውን የኤክስሬይ መሣሪያ ያለ ምክንያት ይሸሸዋል፣ ወይም ከሁሉ በከፋ ሁኔታ፣ «መብራቱ ከጠፋ ቆይቷል» ብሎ የኮባልቱን መያዣ በእጁ ያነሣዋል። ስለዚህ ቃሉ ትርጉሙን አላጠበበም፤ ከሚገባው በላይ አሰፋው። «ራዲዮአክቲቭ» የሚለው ባዕድ ቃል በእሽጉ መለያ ላይ በላቲን ፊደል ታትሞ የሚታይ፣ በዜናም የተለመደ ስለሆነ እንዳለ ቢያዝ ይሻላል። «ጨረራ አመንጪ» ደግሞ በኤሌክትሪክ ኃይል ለሚሠሩት መሣሪያዎች ብቻ ቢተው ሁለቱም ቃላት ቦታቸውን ያገኛሉ።

ስለ «ቆሻሻ»፣ «ዝቃጭ» እና «ውጋጅ»

ለውጋጅ ሦስት ስሞች ሲወዳደሩ እናያለን። «ቆሻሻ» ከሁሉ የተለመደው ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ቆሻሻ በአማርኛ የሚያቈሽሽ፣ የሚሸት፣ ዐይን የሚጠላው ነገር ነው። ያረጀ የጨረራ ምንጭ ግን ብዙውን ጊዜ በሚያብለጨልጭ የማይዝግ ብረት የተለበጠ፣ በከባድ እርሳስ የተከበበ፣ ለቁራሌው ቢታይ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣ የሚመስል ንጹሕ ዕቃ ነው። ቆሻሻ መሆኑን የሚመሰክር ምልክት በላዩ የለም።

የዚህ አሳሳችነት ምሳሌ በብራዚል ጎያንያ ከተማ የደረሰው ነው። በሴፕቴምበር 1987 እ.ኤ.አ. ሁለት ሰዎች ከተዘጋ የሕክምና ተቋም ውስጥ የተተወውን የሲዚየም 137 መሣሪያ ፈትተው ለውራጅ ብረት ነጋዴ ሸጡ። በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ዱቄት እንደ ብርቅ ነገር ከቤት ወደ ቤት ተዘዋወረ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከተመረመሩት 112,000 ያህል ሰዎች መካከል በ249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ። እነዚያ ሰዎች ያነሡት ነገር «ቆሻሻ» አልመሰላቸውም፤ በእርግጥም በቃሉ ተራ ትርጉም ቆሻሻ አልነበረም።

«ዝቃጭ» የሚለው በመገናኛ ብዙኃን ይዘወተራል። ነገር ግን ዝቃጭ ከፈሳሽ በታች የሚረጋ ነገር ነው፤ ጠጣሩን ምንጭ፣ የተበከለውን ጓንትና የመስታወት ብልቃጥ አይወክልም። ይህ ቃል በተፈጥሮ ቦታው፣ ማለትም በፈሳሽ ማጣሪያ ግርጌ ለሚረጋው ነገር ቢቀመጥ መልካም ነው።

የሚቀረው «ውጋጅ» ነው። አንዳንድ ሰዎች «ቃሉ እንግዳ ነው፤ ለጆሮ ይከብዳል» ይሉታል። እኛ ግን ከሦስቱ የተሻለው እሱ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም የአማርኛ የቃል አወጣጥ ራሱ ይመሰክርለታል። «ውራጅ»፣ «ቁራጭ»፣ «ትራፊ»፣ «ጥራጊ»፣ «ስባሪ»፣ «ውዳቂ» የሚሉት ሁሉ በአንድ የስም ቤት የሚኖሩ፣ ከአንድ ድርጊት በኋላ የሚቀረውን ነገር የሚሰይሙ ቃላት ናቸው። «ውጋጅ»ም ከዚህ ቤት የተወለደ ስለሆነ፣ አማርኛ ተናጋሪው ባይሰማው እንኳ ትርጉሙን ከቅርጹ ይገምታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ያስፈልጋል። ውጋጅ ማለት የተወገደ ማለት አይደለም። በመኪና ላይ ያለ ውጋጅ ገና አልተወገደም፤ ላኪው አሁንም ኃላፊነት አለበት። «ሊወገድ የተለየ» የሚለው ትርጉም በመዝገበ ቃላታችን በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

ስለ «እሽግ» እና «ማሸጊያ»

የዚህ ሂስ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ኤጀንሲው ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያሻሻለ በሚያወጣው የማጓጓዣ ደንብ ውስጥ ሁለት ቃላት በጥንቃቄ ተለይተዋል። አንደኛው ይዘቱን አጥብቀው የሚይዙትን፣ ጨረራውን የሚከልሉትን፣ ግጭትና ሙቀት የሚቋቋሙትን አካላት በሙሉ ያመለክታል፤ ሁለተኛው ደግሞ እነዚህ አካላት ከነይዘታቸው ለጉዞ ተዘጋጅተው የሚገኙበትን ሙሉ ነገር። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር ወጥተው በመጨረሻ ቅጥያቸው ብቻ ስለሚለያዩ፣ የቋንቋው ተወላጆች እንኳ ሲያደባልቋቸው ይታያል።

አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ የተሻለ መሣሪያ አለው። «አሸገ» ከሚለው ግሥ የመሣሪያ ስም ስናወጣ «ማሸጊያ»፣ የተፈጸመበትን ነገር ስንሰይም «እሽግ»፣ የአሠራሩን ሁኔታ ስንሰይም «አስተሻሸግ» እናገኛለን። ሦስቱም ሕያዋን ናቸው፤ ማንም ሳያስተምረን እንለያቸዋለን። ሆኖም በሥልጠና ወረቀቶችና በቅጾች ላይ «ማሸጊያ»፣ «ጥቅል»፣ «መያዣ»፣ «ካርቶን» እየተፈራረቁ ሲጻፉ እናያለን። ይህ ለጽሑፍ ጌጥ ተብሎ የሚደረግ መፈራረቅ በልብ ወለድ ድርሰት ይመሰገን ይሆናል። በምርመራ ቅጽ ላይ ግን ጥፋት ነው። «ጥቅል» በተለይ የሚጠቀለለውን እንጂ የሚታሸገውን አያሳይም፤ በዚያ ላይ «ጥቅል ድምር» እንደምንለው «ያልተዘረዘረ» የሚል ሌላ ትርጉም ተሸክሟል።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? ዓይነት ቢ የተባለው እሽግ ከመፈቀዱ በፊት ንድፉ ከ9 ሜትር ከፍታ በማይበገር ወለል ላይ ይጣላል፤ ከ1 ሜትር ከፍታ በቆመ የብረት ዘንግ ላይ ይወድቃል፤ በ800 ዲግሪ ሴልሲየስ ሙቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል፤ በ15 ሜትር ጥልቀት ውኃ ግፊት ሥር ለ8 ሰዓት መቋቋሙም ይረጋገጣል። ፈቃዱ የሚሰጠው ግን ለባዶው ማሸጊያ አይደለም። የተፈቀደው ይዘት ዐይነትና መጠን ተዘርዝሮ፣ ማሸጊያና ይዘት አንድ ላይ እንደ እሽግ ይፈቀዳሉ። በዚያው ማሸጊያ ውስጥ ያልተፈቀደ ይዘት ከገባ እሽጉ ሌላ እሽግ ሆኗል። መርማሪው «ማሸጊያው ደኅና ነው» ብሎ ሲፈርምና «እሽጉ ደኅና ነው» ብሎ ሲፈርም የሚሰጠው ምስክርነት የተለያየ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የሎስ አላሞስ በርሜል ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያጠቃልለዋል፤ ማሸጊያው እንከን ባይኖርበትም እሽጉ አደገኛ ነበር።

ይሁን እንጂ «አሸገ» በአማርኛ ሌላም ሥራ አለው። «የታሸገ ምንጭ» ስንል በብረት ቀፎ ውስጥ ተበይዶ የተዘጋውን የጨረራ ምንጭ ማለታችን ነው፤ «እሽጉ ተነክቷል» ስንልም በመዝጊያው ላይ የሚደረገውን የእርሳስ ወይም የሽቦ ምልክት ማለታችን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሾፌር ስልክ ደውሎ «እሽጉ ተከፍቷል» ቢል፣ አድማጩ ሦስት ነገሮችን ሊረዳ ነው፦ ምልክቱ ተበጥሷል፣ የውጪው ሣጥን ተከፍቷል፣ ወይም ምንጩ ራሱ ተሰንጥቋል። የመጀመሪያው የጥበቃ ጉዳይ ነው፤ ሦስተኛው አካባቢውን ከሰው የሚያስለቅቅ አደጋ ነው። ሰምና ወርቅ በቅኔ ማኅሌት የሚወደስ ጥበብ ነው፤ በአደጋ ጊዜ የስልክ ንግግር ላይ ግን ማንም ወርቁን ለመፈለግ ጊዜ አያገኝም። የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «እሽግ» ለተዘጋጀው ሙሉ ጭነት ብቻ ይሁን፤ ምልክቱ «ማኅተም» ይባል፤ ምንጩ ደግሞ ቀዳዳና መክፈቻ የሌለው መሆኑን በሚያሳየው ቃል «ድፍን ምንጭ» ይባል።

ስለ «ፍተሻ»

«ፍተሻ» የሚለውን ቃል የሰማ ኢትዮጵያዊ በኬላ ላይ ሻንጣ ሲከፈት ይታየዋል። መፈተሽ የተደበቀ ነገር መፈለግ ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ ከውስጥ ነው። የዚህ መስክ መርማሪ ሥራ ከዚህ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። እሽጉን ሳይከፍት ሰነዱን ከመለያው ጋር ያመሳክራል፤ በገጹ ላይና ከገጹ በ1 ሜትር ርቀት ይለካል፤ ገጹን በጨርቅ ወይም በወረቀት ጠርጎ ናሙና ይወስዳል፤ አስተሣሠሩን፣ ከሾፌሩና ከሌላው ጭነት ያለውን ርቀት ያያል። የማጓጓዣ ደንቡም የጉምሩክ ምርመራ ይዘቱን ማየት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ጨረራውን ለመቆጣጠር በቂ ዝግጅት ባለበት ቦታና ብቁ ባለሙያ ባለበት ብቻ እንዲደረግ፣ የተከፈተውም እሽግ ጉዞውን ከመቀጠሉ በፊት ወደ ቀድሞ ሁኔታው እንዲመለስ ያዝዛል።

እንግዲህ በአንድ ቅጽ ራስጌ ላይ «የፍተሻ ቅጽ» ብለን ስንጽፍ፣ ደንቡ የከለከለውን ድርጊት በቃሉ እያዘዝን ነው። ጥፋተኛው ሣጥኑን የሚከፍተው ቅን ሠራተኛ አይደለም፤ ቃሉን የሰጠነው እኛ ነን። «ምርመራ» ለአጠቃላዩ ሥራ፣ «ልኬት» በመሣሪያ ለሚደረገው፣ «ሙከራ» ንድፉ በመጣልና በማቃጠል ለሚፈተንበት፣ «ቁጥጥር» ለሕግ አስፈጻሚው ሥልጣን ቢመደቡ፣ «ፍተሻ» ደግሞ ለመክፈት ብቻ ቢተው ብዙ ነገር ይቃናል።

ስለ «መጠን»

«የጨረራ መጠን» የሚለው ሐረግ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ሲሸከም ይታያል። አንደኛው በምንጩ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ስንት አቶሞች እንደሚፈርሱ ሲሆን መለኪያው ቤክሬል ነው። ሁለተኛው ሰው የተቀበለው ዶዝ ሲሆን መለኪያው ሲቨርት ነው። ሦስተኛው ሰው በዚያ ቦታ ቢቆም በሰዓት የሚቀበለው ሲሆን መለኪያው ሲቨርት በሰዓት ነው። ከምንጩ ርቆ የሚቆም ሰው የመጀመሪያውን አይለውጠውም፤ ሦስተኛውን ግን ይለውጠዋል። ሁሉንም «መጠን» ብሎ የተማረ ሠራተኛ በመለያው ላይ የተጻፈውን ታላቅ የቤክሬል ቁጥር አይቶ ይደነግጣል፤ ወይም በመሣሪያው ላይ የሚታየውን አነስተኛ የሚሊሲቨርት ቁጥር አይቶ ይዘናጋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ እሽግ በገጹ ላይ በሰዓት 0.3 ሚሊሲቨርት፣ በ1 ሜትር ርቀት ደግሞ በሰዓት 0.02 ሚሊሲቨርት ተለክቷል እንበል። የ1 ሜትሩ ልኬት በ100 ሲባዛ የማጓጓዣ ጠቋሚው 2 ይሆናል። የገጹ ልኬት ብቻውን ቢታይ፣ ከ0.5 ስለማይበልጥ፣ እሽጉ ሁለተኛውን ቢጫ መለያ የሚይዝ ይመስላል። ነገር ግን ጠቋሚው ከ1 ስለበለጠ ሦስተኛውን ቢጫ መለያ መያዝ ይኖርበታል፤ ሁለቱ ሲለያዩ ከፍተኛው ይወሰዳልና። «የጨረራ መጠን ______» የሚል አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ያለው ቅጽ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንዱን ይውጣል። በእኛ አስተያየት «ዶዝ» እንዳለ ይያዝ፤ በሰዓት የሚለካው «የዶዝ ምጣኔ»፣ በምንጩ ያለው ደግሞ «የፍርሰት ምጣኔ» ይባል፤ በማናቸውም ጽሑፍ ላይ ቃሉ ያለ መለኪያው አይጻፍ።

ስለ «ብክለት»

በዜና «በጨረር ተበከሉ» ሲባል እንሰማለን። በጨረራ የሚመታ ሰው ተጋለጠ እንጂ አልተበከለም፤ የተበከለው ራዲዮአክቲቭ ነገር በአካሉ ወይም በልብሱ ላይ ያረፈበት ነው። የተጋለጠው ሌላውን ሰው አይነካም፤ የተበከለው ግን ሳይታጠብ ከሰው ቢቀላቀል ሊያዛምት ይችላል። ይህን አለመለየት ሕመምተኛን እንደ ወረርሽኝ ያስፈራል። በጎያንያም ነዋሪዎቹ ከአደጋው በኋላ በሌሎች ከተሞች የመገለል ዕጣ ደርሶባቸዋል። «መጋለጥ» እና «መበከል» የሚሉት ሁለት ጥሩ የአማርኛ ቃላት እያሉን ማቀላቀላችን ምክንያት የለውም።

በእሽግ ገጽ ላይ ያለው ብክለት ደግሞ ተጠርጎ የሚነሣና የማይነሣ ተብሎ ይከፈላል። ለሚነሣው የተቀመጠው ወሰን በቤታና በጋማ ሰጪዎች በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 4 ቤክሬል፣ ዝቅተኛ መርዛማነት ካላቸው በስተቀር በአልፋ ሰጪዎች 0.4 ቤክሬል ነው። እዚህ ላይ «ተነሺ» እና «ተጣባቂ» እያልን ሁለት የቋሚ ጠባይ ስሞች ስንሰጥ አንድ ነገር እንስታለን። በ1998 እ.ኤ.አ. ከጀርመንና ከፈረንሳይ የኑክሊየር ማመንጫዎች ያገለገለ ነዳጅ የሚያመላልሱ ታላላቅ የብረት ጋኖችና ፉርጎዎች ከወሰኑ በላይ ተበክለው ሲደርሱ መቆየታቸው ይፋ ወጣ። በግንቦት ወር የጀርመን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት አንጌላ ሜርክል ጉዞው እንዲቋረጥ አዘዙ። ለሁኔታው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የሚከተለው ነበር፦ ጋኑ በነዳጅ ማቀዝቀዣ ገንዳ ውስጥ ሲዘፈቅ በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የገባው ብክለት በመነሻው ሲጠረግ አይወጣም፤ በጉዞ ላይ በሙቀትና በእርጥበት ለውጥ እንደ ላብ ወደ ገጹ ይወጣል። በመነሻው የማይነሣ የነበረው በመድረሻው የሚነሣ ሆነ። ስለዚህ ቃሉ ጠባይን ሳይሆን ሁኔታን የሚናገር መሆን አለበት፤ «ሲጠረግ የተነሣ ብክለት» እና «ሲጠረግ ያልተነሣ ብክለት» ይባል። ይህ አገላለጽ ልኬቱ የት፣ መቼ እንደተደረገ መርማሪው እንዲጽፍ ያስገድደዋል።

ስለ ፊደላት

በአንዳንድ ትርጉሞች የእሽግ ዓይነቶች «ዓይነት ሀ»፣ «ዓይነት ለ» ሲባሉ አይተናል። ሐሳቡ ከአገር ፍቅር የመነጨ ቢሆንም ውጤቱ መልካም አይደለም። መርማሪው በእጁ ያለውን ቅጽ በእሽጉ ላይ ከታተመው ጋር ማመሳከር አለበት፤ በእሽጉ ላይ የታተመው የላቲን ፊደል ነው። በተጨማሪም «ቢ» ከጎኑ «ዩ» ወይም «ኤም» የሚል ፊደል ይዛለች፤ የፊተኛው ንድፉ በመነጨበት አገር ፈቃድ ብቻ የሚበቃውን፣ የኋለኛው የሚያልፍባቸው አገሮች ሁሉ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ያመለክታል። ሀ ሁን ተከትለን ይህን ልናሳይ አንችልም። ፊደላቱ ስም ሳይሆኑ ምልክት ናቸው፤ ምልክት አይተረጐምም።

መደምደሚያ

ሂስ ያለ ግለ ሂስ ጎዶሎ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የቃላት ዝርዝር ዝግጅት ላይ «ጨረራ አመንጪ» የሚለው እንዲጸድቅ ከተከራከሩት አንዱ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው። በዚያን ጊዜ ያስደሰተን ባዕድ ቃልን በአገርኛ መተካታችን ነበር። ቃሉን ይዞ የሚጭነውን ሰው ግን በስብሰባው ላይ አልጠራነውም፤ ቢጠራ ኖሮ «ሲጠፋ ይቆማል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከእኛ ቀድሞ ይጠይቅ ነበር።

ከላይ የቀረቡት ሐሳቦች የመጨረሻ ቃል አይደሉም። «ድፍን ምንጭ» የሚለው ለአንዳንዱ ላይጥም ይችላል፤ «የፍርሰት ምጣኔ» ከበድ ያለ ነው። ነገር ግን የሚተኩ ቃላት ቢቀርቡ የሚመዘኑበት ሚዛን አንድ ሊሆን ይገባል፦ እያንዳንዱ ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ፣ በስልክ ተነግሮ፣ ሥራውን ለማያውቀው ሰው ይሰጥ፤ ሰውየው የሚያደርገውም ይታይ። ትክክለኛውን ነገር ካደረገ ቃሉ ይጽደቅ፤ ካላደረገ፣ የቱንም ያህል የተዋበ ቢሆን፣ ወደ ዝርዝሩ አይግባ።